የተበላው ጎማ

ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። የሁንዴ ስኬትቦርድ የቅርጫት ኳስ ሜዳውን ሲያቋርጥ ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

«ጋሪ መጣ» አለ ማናሴ። ሁሉም ሳቁ፤ ሁንዴም አብሯቸው ሳቀ። ቢሊሴ ብቻ ጎንበስ ብላ ያልተፈታውን የጫማዋን ማሰሪያ እንደገና ማሰር ጀመረች።

አሠልጣኛቸው ዘካርያስ ቦርዱን ገልብጦ ጎማዎቹን በጣቱ አሽከረከራቸው። አራቱም በአንድ ጎናቸው ተበልተው ጠፍጣፋ ሆነዋል።

«ይሄ በፍጥነት እየሄዱ ቦርዱን ወደ ጎን አዙሮ ከማቆም የሚመጣ ነው» አለ። «ሁንዴ፣ መቼ ነው እንዲህ ያደረግከው?»

ሁንዴ ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነው። አንገቱን አከከ። «እኔ እንጃ ዛኪ። አቆማለሁ ስል ይሆናል። ይቅርታ።»

ቢሊሴ ፊቷ ጋለ። ሁንዴ ባላደረገው ነገር ይቅርታ ሲጠይቅ መስማት ከስድብ የባሰ ነበር። ሐሙስ ዕለት ዘካርያስ የእሷን ቦርድ እየጠገነላት ስለነበር የሁንዴን ተውሳ ነበር። ከዚያም ዘካርያስ ስንት ጊዜ የከለከላቸውን አደረገች፤ ባጃጅ ከኋላ ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ደስ ሲል! ባጃጁ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ለቀቀችውና ቦርዱን ወደ ጎን አዞረች። ጎማው እየጮኸ አስፋልቱ ላይ ተፋቀ። እሷ አልወደቀችም። በማግስቱ ቦርዱን ለሁንዴ እናት ለእትዬ ዲንቄ ሰጥታ፣ ሻይ ጠጪ ሲሏት እንኳ እቸኩላለሁ ብላ ሮጠች። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለች እሑድ ደረሰ።

ዘካርያስ ከአዲስ አበባ ያመጣቸውን ጎማዎች ከቦርሳው አወጣ። አራቱ የሚያብረቀርቁ አረንጓዴዎች ናቸው፣ አራቱ ደግሞ ምንም የማያምሩ ነጮች።

«ቶሎ የማይበላው የትኛው ነው? ቢሊሴ፣ አንቺ ምረጪ።»

ይህን ታውቅበታለች። አንድ አረንጓዴ ጎማ አንስታ በጎኑ ሲሚንቶው ላይ በኃይል ፋቀችው፤ ሜዳው ላይ ወፍራም አረንጓዴ መስመር ቀረ፣ ጎማውም ተላጠ። ነጩን እንደዚያው ፋቀችው። ተንሸራተተ እንጂ ቅርጹ አልተነካም።

«ነጩ» አለች። «አረንጓዴው ለፎቶ ነው።»

«በቃ ነጩ ያንቺ ነው» አለ ዘካርያስ ደስ ብሎት። «ቅዳሜ ሶደሬ ትርኢት ስናሳይ ከፊት የምትወጪው አንቺ ነሽ። ሁንዴ አረንጓዴውን ይግጠም። እሱ ጥሩ ጎማ ቢሰጠውም ይጨርሰዋል።»

«ፋራ» ብሎ ማናሴ የሁንዴን ትከሻ ገፋ አደረገው።

«ራኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም» አለ ሁንዴ። ከዚያ ወደ ቢሊሴ ተጠግቶ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቦርዱን እንዴት እንደማቆም ታሳዪኛለሽ? ሁለተኛ እንዳላበላሽ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ለአንድ አፍታ «እሺ» ብላ ልታልፈው ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ደርሶ ነበር።

ከዘካርያስ እጅ የዳዶ መፍቻውን ተቀበለችና የሁንዴ ቦርድ አጠገብ ተንበረከከች። ዳዶዎቹን ፈታች፣ የተበሉትን ጎማዎች አወጣች፣ ነጮቹን አስገባች።

«ተሳሳትሽ፣ ያ የሁንዴ ነው» አለ ዘካርያስ።

«አልተሳሳትኩም።» ዓይኗን ከዳዶው ላይ አላነሳችም። «ሐሙስ በሁንዴ ቦርድ ባጃጅ ይዤ ነበር። ጎማውን ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

ዘካርያስ ብዙ ጊዜ ሲቆጣ አይታለች፤ አሁን ግን አልተቆጣም። ያ ባሰባት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ሁንዴ።

«ሼም ይዞኝ።»

ሁንዴ ቦርዱን አነሳና ሄደ። ቢሊሴ ገና ጎማ ወዳልተገጠመለት ወደ ራሷ ቦርድ ዞራ፣ ከሁንዴ ቦርድ ያወጣቻቸውን የተበሉ ጎማዎች አንድ በአንድ መግጠም ጀመረች።

«አረንጓዴው አለ እኮ» አለ ዘካርያስ ቀስ ብሎ። «እነዚያ ይጮሁብሻል።»

«ይጩሁ» አለች፣ የመጨረሻውን ዳዶ እያጠበቀች።