ከቴምሩ ጋር

«ነገ እጀምረዋለሁ» አለች ሻፕላ።

ፒያሊ የኮምፓስ ሳጥኗን እየዘጋች ቀና አለች። የእርግዝና መከላከያ ኪኒኑን ከጤና ጣቢያ የምታመጣላት እዚያ ውስጥ ደብቃ ነው። እናቷ የሒሳብ ዕቃ አትነካም።

«ምኑን ነው ነገ የምትጀምሪው?»

«ኪኒኑን ነዋ! ወንድምሽ ለኢድ ነገ ይመጣ የለ?»

«እስከዛሬስ?»

«እስከዛሬ ለማን ብዬ ልዋጥ? እሱ ዳካ፣ እኔ እዚህ። ራስሽን ሳያምሽ የራስ ምታት ትውጫለሽ?» ሻፕላ ስቃ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ፒያሊ አልሳቀችም። ኪኒኑን የምትሰጣት የጤና ሠራተኛዋ ሩኪያ አፓ የሆነ ነገር ብላ ነበር። በየቀኑ ምናምን። ፒያሊ ግን የክፍሏ ልጆች እንዳያዩዋት ፓኬቱን ነጥቃ ነው የሮጠችው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ኪኒኑን ታመጣለች፣ ንግግሩን እዚያው ጥላው ትመጣለች።

አፓ፣ ታላቅ እህት እንደማለት ነው፣ ድሮ ኪኒኑን ይዛ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ከበር የመለሰቻት የፒያሊ እናት ናት። «ምራቴ ገና አንድ ልጅ አልወለደችም። ልጅ የሞላበት ቤት ሂጂ!» ሙሽራ ብቻዋን ከግቢ አትወጣም፤ አፓ አትገባም። መሃል ላይ ፒያሊ ቀረች።

«ባቢ» አለቻት። የወንድሟን ሚስት የምትጠራት እንደዚያ ነው። «ብታረግዢስ?»

ቢላዋው ቆመ።

«ፈተናው ቀረ ማለት ነዋ» አለች ሻፕላ ቀስ ብላ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ ደርሷል። ባሏ ሮኮን በስልክ «ፈተናሽን ጨርሺ፣ እማዬን ግን እንዳታስቀይሚያት» ብሏታል። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምታደርጋቸው አልነገራትም።

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» የፒያሊ እናት ድምፅ ከጓዳ መጣ። «ፒያሊ፣ አንቺም ቢላዋ ያዢ! ይቺ ስታረግዝ ድስቱ ያንቺ ነው። ለሴት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ምን አነሰው?»

ቀልድ አልነበረም። የጎረቤታቸው ልጅ ቱሊ የወንድሟ ሚስት ስትወልድ ከትምህርት ቤት እንደቀረች ቀረች። አሁን ኩሬው ዳር ሕፃን አዝላ ልብስ ታጥባለች። ፒያሊ በዩኒፎርም ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

«ደብተሬን ረስቻለሁ!» ብላ ፒያሊ ወጣች።

ሩኪያ አፓ ቤቷ በረንዳ ላይ ለኢፍጣር ሽምብራ ትለቅማለች።

«አፓ፣ ባሏ ሲመጣ ብቻ ብትውጠውስ?»

አፓ ሳህኑን አስቀመጠች። «ውይ! እናንተ ልጆች። ባል ዳካ፣ ባል ዱባይ፣ ኪኒኑ በዓል በዓል ብቻ...»

«የኔ ባል አይደለም እኮ!»

«አውቃለሁ። ተቀመጪ። ዛሬ እንኳን አትሩጪብኝ።»

ፒያሊ ተቀመጠች።

«ኪኒኑ ባልየውን አያውቀውም። የሚያውቀው የሷን ሰውነት ነው። በየቀኑ ሲዋጥ እንቁላሏ እንዳትለቀቅ ይይዛታል። እንደ ዘበኛ በይው። ዘበኛው ዛሬ መጥቶ ነገ ከቀረ በሩን ጠበቀ ይባላል?»

«ነገ ብትጀምርስ?»

«ለነገ አይደርስም። ዛሬ ብትጀምርም በደንብ እስኪይዝ ሰባት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ባሏ ኮንዶም ይጠቀም።»

የፒያሊ ጆሮ ጋለ። መሬት መሬት አየች። አልተነሳችም ግን።

«ከዛሬ ጀምራ ከኢፍጣሩ ቴምር ጋር ትዋጠው» አለች አፓ። «ቴምር የሚረሳ ጾመኛ የለም። ጾሙ ሲያልቅም በዚያው ሰዓት። መጀመሪያ ግን የደም ግፊቷን መለካት ነበረብኝ። ሳላያት መስጠቴ የኔም ጥፋት ነው።» ኮንዶሙን በወረቀት ጠቅልላ ዘረጋችላት። «በይ እንኪ። ንገሪያት።»

የኮምፓስ ሳጥኑ ይሄንንም ይችላል። ፒያሊ ልትቀበል እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ኪኒኑን መደበቅ ይቻላል። ይሄን ሁሉ ንግግር የት ትደብቀዋለች? ሻፕላስ ለሮኮን በምን አፏ ትነግረዋለች?

«አፓ፣ አንቺ ነይ።»

«እናትሽስ?»

ፒያሊ ተነሳች። አፓ ትንሽ አየቻትና የግፊት መለኪያዋን ልታመጣ ገባች።

ሲደርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። እናቷ ከቆርቆሮው በር ውስጥ ቆማለች።

«ደብተር ያልሽው ይሄ ነው?» ዓይኗ አፓ ላይ አረፈ። «ይቺ ምን ልትሠራ መጣች?»

ውሸቱ የፒያሊ ምላስ ላይ ነበር። አፓን መንገድ ላይ አዛን ሊደርስባት ነው ብትል በቃ። የጾም መፍቻ ሰዓት ላይ የደረሰን ሰው ማንም ከበር አይመልስም፣ እናቷም ብትሆን። ግን ያኔ አፓ እንደ እንግዳ ቴምሯን በልታ፣ አመስግና ትሄዳለች።

«ለባቢ ነው የመጣችው» አለች ፒያሊ። «የጠራኋት እኔ ነኝ።»

እናቷ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ድስቱም ቢላዋውም ያለበት አስተያየት ነው። በሩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

በረንዳው ላይ ሻፕላ ቴምሯን ይዛ ቆማለች። አልጎረሰችውም። ፒያሊ እንዳይዘጋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች፤ ቆርቆሮው ትከሻዋን ገፋት፤ አልተንቀሳቀሰችም።

«ግቢ፣ አፓ» አለች።