በጀልባዬ ጎን የተዘረጋው እጅ

ይህ ነገር ሆኗል።

ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፈው። በራሴ ጀልባ ላይ፣ ዓይኔ እያየ የሆነ ነው። ማመን የከበደው እዚህ ላይ ማንበቡን ይተው። አልቀየመውም።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ አናት ትበሳለች። ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሳ ከታች ያለው የኮራል ቅርንጫፍ ሁሉ ይታያል።

እኔ ማልዲቭስ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ደሴት ነኝ። ጉልበት በነበረኝ ጊዜ ዓሣ አጠምድ ነበር። አሁን ለዕረፍት የሚመጡ ጠላቂዎችን በጀልባ አመላልሳለሁ። ብዙ አልተማርኩም። ባሕር ማየት ግን አውቃለሁ።

እንግዶቹን ይዞ የሚጠልቀው ልጄ ናሺድ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።

ሞተሩን የሚይዘው ሐሰንፉሉ ነው። አብሮ አደጌ፣ እንደ ጫት የሚታኘክ የቡላት ቅጠል ከአፉ የማይለይ፣ ወሬ የሚወድ ሰው።

የዚያን ቀን እንግዶች ባልና ሚስት ነበሩ፣ ጣሊያኖች። ብሩኖና ኦርኔላ። በየዓመቱ ስለሚመጡ ቋንቋችንን እንደ ነገሩ ይናገራሉ። ኦርኔላ ጆሮዋን አሟት ስለነበር አልጠለቀችም። ጀልባ ላይ ከእኛ ጋር ቀረች።

በሁለት የኮራል ግንቦች መካከል ያለው መተላለፊያ ላይ ሞተሩን አጠፋን።

«ውሃው ሊዞር ነው» አልኩት ናሺድን።

«ባፓ፣ ገና ወደ ውስጥ እየገባ እኮ ነው።»

«ሊዞር ነው።»

ሐሰንፉሉ ቅጠሉን ወደ አንድ ጉንጩ ገፋ አደረገ። «ተወው ናሺድ። አባትህ በሠርጉ ቀን ዝናብ ይመጣል ብሎ ሙሽራ ያስጠበቀ ሰው ነው።»

«መጥቷል» አልኩ።

ናሺድ ሳቀ። የአየር ሲሊንደሩን በጀርባው እያዘለ፣ «ከዞረ ፊኛዋን ወደ ላይ እለቃለሁ። ብርቱካናማዋን። ታያታለህ» አለኝ።

ከዚያ ከብሩኖ ጋር ወደ ኋላ ተገልብጠው ገቡ።

የእኔ ሥራ ከላይ ሆኖ አረፋቸውን መከተል ነው። ከታች የሚተነፍስ ሰው አረፋው እንደ ክር እየተመዘዘ ይወጣል። የናሺድ ቀጭንና እርጋታ ያለው ነው። የብሩኖ ወፍራምና የተቆራረጠ።

ጎን ለጎን እየሄዱ ነበር።

ከዚያ ውሃው ዞረ። ፊቱ ላይ ትንሽ መጨማደድ አለፈ... ቀጥሎ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም አለ።

አረፋው ጠፋ። የሁለቱም።

በጀልባችን ጥላ ሥር ሁልጊዜ የሚሰበሰቡ ትንንሽ ዓሦች አሉ። ወደ ታች አየሁ።

አንድም የለም።

«የት ደረሱ?» አለች ኦርኔላ።

«እዚሁ ናቸው እህቴ» አላት ሐሰንፉሉ። «ኤሊ አግኝተው ይሆናል። ኤሊ ያየ ሰው ሚስቱን ይረሳል።»

ቀልዱ እንደ ሁልጊዜው ነው። ማኘኩን ግን አቁሟል።

ጠበቅን።

«አየሩስ?» አለች ቀስ ብላ።

ሊያልቅ እንደተቃረበ እሷም ታውቃለች።

መሰላሉን ወደ ውሃው አወረድኩ። ቁራጭ ብረት አለችን፤ በእሷ መሰላሉን መታሁት። የብረት ድምፅ ውሃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። እዚህ ነኝ፣ ውጣ ማለት ነው።

መልስ የለም።

እጄ ላይ ያለችውን ብረት ላስቀምጥ ጎንበስ አልኩ...

ተንኳኳ።

ከእግሬ ሥር። ከጀልባዋ ሆድ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሐሰንፉሉ። «ከጀልባዋ ሥር ናቸው።»

ኦርኔላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም።

ናሺድ ሲመልስልኝ ሲሊንደሩን በብረት ነው የሚመታው። ይህ የብረት ድምፅ አልነበረም። ሰው የተዘጋ በር በመዳፉ ሲመታ እንደሚሰማው ነው።

የጠለቀ ሰው ከመውጣቱ በፊት በመጀመሪያ የጎማ ጫማውን ያቀብላል፤ ያን እንደ ዳክዬ እግር የሰፋውን። እሱን ተጫምቶ መሰላል መውጣት አይቻልም። ቀጥሎ እጁን ይዘረጋል።

ከእኛ ሰው ደግሞ ከውሃ የተዘረጋን እጅ ትቶ የሚሄድ የለም። የማን ነህ አይባልም፣ ከየት መጣህ አይባልም። መጀመሪያ ይያዛል። አባቴ የማያውቀውን ሰው እንዲህ አውጥቷል። የሐሰንፉሉ አባት የወጣውም እንዲሁ ነው።

ከመሰላሉ አጠገብ ጫማ ብቅ አለ። ተቀበልኩ። እጄ የለመደው ሥራ ስለሆነ ሳላስብ ነው የተቀበልኩት።

ሁለተኛውም መጣ። ተቀበልኩ።

ያን ጊዜ ቅዝቃዜው ተሰማኝ። ባሕራችን ሞቃት ነው። ጫማው ግን በረዶ ውስጥ የከረመ ዓሣ ይመስላል።

የናሺድ ጫማ ቢጫ ነው። የብሩኖ ሰማያዊ። ይህ ጥቁር ነበር። ማሰሪያው በስብሷል። ጎማው ላይ ኮራል በቅሏል... ጣት የሚያህል፣ ሮዝ፣ በሕይወት ያለ ኮራል። ያን ያህል ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ከእኛ ሰው የማያውቅ የለም።

«ይህ የማን ነው?» አለ ሐሰንፉሉ በሹክሹክታ።

መልስ ሳልሰጠው ከውሃው እጅ ወጣ።

መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቶ... ልክ እንደሚወጣ ሰው እጅ፣ እስኪያዝ ድረስ በትዕግሥት የሚጠብቅ።

«ብሩኖ» አለች ኦርኔላ። «እሱ ነው። ቀለበቱ ይኸው።»

«ምን ቀለበት?» አለ ሐሰንፉሉ። «የናሺድ ሰዓት ነው ያለው። ኬዮሉ፣ የልጅህ እጅ ነው። ያዘው።»

ኬዮሉ የሚለኝ የጀልባ አለቃ ማለቱ ነው። ነገሩ ሲከብድ ብቻ ነው እንደዚያ የሚጠራኝ።

እኔ ቀለበትም ሰዓትም አላየሁም።

ያየሁት ባዶ መዳፍ ነው። ውሃ ውስጥ የቆየ እጅ ይጨማደዳል፤ የሕፃን እጅ እንኳ ይጨማደዳል። ይህ እንደ ዛጎል ውስጥ ልስልስ ያለ ነበር። መዳፍ ላይ የሚኖረው መስመር እንኳ የለውም።

ከሥሩ ያለውን ውሃ አየሁ። ጥርት ብሏል። ጭንቅላት የለም። ትከሻ የለም። ክንዱ ብቻ ወደ ታች ይወርዳል... ይወርዳል... ውሃው ጥቁር እስከሚሆንበት ድረስ።

«አረፋ የለውም» አልኩ።

«አየሩ አልቆበት ነዋ» አለ ሐሰንፉሉ። «አየር ያለቀበት ሰው ምን አረፋ አለው? እየሞተ እኮ ነው፤ አንተ አረፋ ትቆጥራለህ?»

እውነቱን ነው። ይህም ሊሆን ይችላል።

«አንተ ካልያዝከው እኔ እይዘዋለሁ።» ጎንበስ አለ። የሐሰንፉሉን እጅ አንጓው ላይ ይዤ አስቀረሁት።

«ሞተሩን አስነሳ» አልኩት።

«ምን?»

«ውሃው ዞሯል። ልጆቹ ወደ ውጭው ባሕር ተወስደዋል። አስነሳ።»

«ፕሮፔለሩ አጠገቡ ነው። ልትቆራርጠው ነው?»

«አስነሳ ሐሰን።»

«የገዛ ልጅህን?»

እጁ ይጠብቃል። ነገሩ ቀላል ነበር። ያ እጅ የናሺድ ከሆነ ልጄን በራሴ ሞተር እገድለዋለሁ። ካልሆነ ደግሞ እዚህ በቆምን ቁጥር ናሺድ ወደ ጥልቁ እየራቀ ነው፤ አየሩም እያለቀ።

ሐሰንፉሉ ራሱን ነቀነቀ። «አላደርገውም።»

ራሴ ሄድኩ። ኦርኔላ ከኋላዬ ሸሚዜን ያዘች። «ጠብቅ። እባክህ ጠብቅ። ባሌ ነው።» ጀርባዬን ስትቧጥጠኝ ተሰማኝ። ምልክቱ አሁንም አለ።

ሞተሩን አስነሳሁ።

ፕሮፔለሩ አንዳች ነገር ቢመታ እጀታው ላይ ይሰማል። በጣቶቼ ጠበቅሁት።

አልመታም።

ጀልባዋ ወደፊት ሄደች። እጁ ከነበረበት አልተነቃነቀም። አልሰመጠም። ስንርቅ ግን መዳፉ ቀስ ብሎ ዞረ... ፊቱን ወደ እኛ እንደሚመልስ ሰው።

እነዚያን ጫማዎች በእንጨት ገፍቼ ባሕር ውስጥ ጣልኳቸው። በእጄ መንካት አልፈለግሁም።

ወደ መተላለፊያው አፍ ነዳኋት። ኦርኔላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ወደ ኋላ ታያለች። ሐሰንፉሉ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

ውጭው ባሕር ማዕበል አለው። በማዕበሉና በማዕበሉ መካከል ፈለግሁ። የለም... የለም...

ከዚያ ብርቱካናማ ነገር ከፍ ብሎ ወረደ።

ፊኛዋ ናት። ከሥሯ ሁለት ጭንቅላት።

ሐሰንፉሉ ሸሚዙን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። «ኬዮሉ...» አለ። መሪውን ከእጄ ተቀበለኝ።

መጀመሪያ ብሩኖን አወጣን። ከንፈሩ ነጥቷል። ሚስቱ አንገቱን ይዛ አልለቀቀችውም።

ቀጥሎ ናሺድ ቢጫ ጫማዎቹን አቀበለኝ። እጁን ዘረጋ። መዳፉ እንደ አሮጊት ፊት ተጨማዷል። ከዚያ የሚያምር እጅ አይቼ አላውቅም። ያዝኩት።

«ዞረብን» አለ እየተነፈሰ። «እንዳልከው ነው።»

«ተቀመጥ።»

«ባፓ፣ ምን ሆነህ ነው ግን እንደዚያ የምታንኳኳው?»

«አንድ ጊዜ ነው ያንኳኳሁት።»

«አይደለም። አላቋረጠም እኮ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንግዶቹ እንዳይሰሙ። «ከታች ነው የሚመጣው። ከግንቡ ሥር፣ ከጨለማው። ብሩኖ ጀልባዋ እዚያ ናት ብሎ ይወርድ ነበር። በሲሊንደሩ ጎትቼ ነው የመለስኩት።»

ሐሰንፉሉ ቅጠሉን ወደ ባሕር ተፋ። ምንም አልቀለደም።

ወደ ኋላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ትተነው በመጣነው ቦታ ላይ ሌላ ጀልባ ቆማለች። የሩቅ ዓይኔ ደህና ነው፤ አወቅኋት። የዋሂድ ናት፣ የጎረቤቴ። ከእህቱ ልጅ ከሸሪፍ ጋር ቱና አጥምደው ወደ ቤት እየገቡ ነበር።

ዋሂድ ከጀልባው ጎን አጎንብሷል። አንድ እጁን ወደ ውሃው ዘርግቶ።

ጥሩምባውን ነፋሁ። ደጋግሜ ነፋሁ። ሐሰንፉሉ ሸሚዙን እያውለበለበ፣ «ተው... ዋሂድ፣ ተው...» ይላል። የት ይሰማል።

ዋሂድ ቀና ብሎ አየን። በነጻው እጁ አይዟችሁ፣ አገኘሁላችሁ የሚል ምልክት ሰጠን።

የጠፋብንን ሰው ያገኘልን መስሎታል።

ከዚያ ያዘው።

ይጎትታል ብዬ ስጠብቅ አልጎተተም። ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሩን ከጀልባዋ ጠርዝ አሻገረ... እና ወረደ። አልወደቀም። አልታገለም። ሰው ደረጃ ሲወርድ እንደሚያደርገው፣ እግሩን እያስቀደመ፣ ከነልብሱ።

ሸሪፍ ሮጦ ሁለተኛ እጁን ያዘው። ሊያስቀረው።

ለአፍታ ቆመ። ከዚያ እሱም ጠርዙን ተሻገረ።

ውሃው ቀለበት እንኳ አልሠራም።

ጀልባዋ ባዶዋን ቀረች። ሞተሯ እየሠራ ነበር። መሪውን የሚይዝ የላትም፤ ቀስ እያለች ክብ መዞር ጀመረች። አንዴ ዞረች። እንደገና ዞረች።

ሐሰንፉሉ በሹክሹክታ ቁርኣን ይቀራል። ናሺድ አጠገቤ መጥቶ እንደ ልጅነቱ ክንዴን ያዘ።

«ባፓ...» አለ። «እያት።»

ጀልባዋ መዞሯን ትታለች።

መሪው ላይ ማንም የለም። ወለሉ ላይ ማንም የለም። እሷ ግን አፍንጫዋን ቀስ ብላ አስተካከለች፣ እና ቀጥ ብላ፣ ሳትፈጥን፣ ወደ እኛ መምጣት ጀመረች።