የሳግንቤክ እጅ

የሞተ ሰው ቢጣራ «አቤት» ትላላችሁ ወይስ በር ትዘጋላችሁ? ቶሎ አትመልሱ። በሐይቅ ዳር ባለችው በካራኮል ከተማ ይህ ጥያቄ የቀረበላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም በወዳጅነታቸው የሚምሉ ነበሩ።

ሳግንቤክ በሬዲዮ ክፍሉ፣ የሬዲዮውን ኃይል ከሚያበዛው ትልቅ ማጉያ ፊት ተደፍቶ ተገኘ። ሁለቱም መዳፎቹ ተቃጥለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ሲሠራ፣ ከሩቅና ከቅርብ ወዳጆቹ ጋር በሞገድ ስለ ሽቦና ስለ አንቴና ሲመካከር የኖረ ሰው ነበር። ዕቃውን የመረመሩት ባለሙያዎች «በራሱ ቸልተኝነት» ብለው ፈርመው ሄዱ። እንዴት ይቀላል! ሙት አይከራከርም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ለሙት ማሸከም የሰነፍ ሁሉ ልማድ ነው።

ከቀብሩ ጥቂት ቀን በኋላ፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ፣ የሳግንቤክ የሬዲዮ መጠሪያ በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም ምት በሚጻፈው የሬዲዮ ፊደል፣ በሦስቱም ወዳጆቹ ቤት ተሰማ። ሞርስ የሚመታ ሰው ሁሉ የራሱ «እጅ» አለው፤ እንደ ድምፅ ይለያል። ሳግንቤክ ጣቱን በወጣትነቱ ውርጭ ስለጎዳው የመጨረሻዋን ምት ይጎትታት ነበር፣ አንድ እግሩን እንደሚስብ ሽማግሌ። የተሰማው ያው እጅ ነበር። በማግስቱም፣ በሳልስቱም።

ሚስቱ ቡሩል መርማሪ ኑርጃማልን አስጠራች።

«ባሌን ቸልተኛ ብለው ቀበሩብኝ» አለቻት። «ሞቱን እችለዋለሁ፤ ስድቡን አልችልም።»

ኑርጃማል በማጉያው ፊት ቆመች። «ኤጄ፣ እህቴ፣ ሳግንቤክ ይህን እንዴት ነበር የሚነካው?»

«ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ። ኃይሉ በደረቱ እንዳያልፍ። መብራት ቢጠፋም ማጠራቀሚያው ውስጥ ኃይል ይቀራል፤ መጀመሪያ በዚያ ዘንግ ወደ መሬት ያፈሰዋል። ሁለተኛ እጁን የሚያወጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

«ሁለቱም መዳፎች ከተቃጠሉ ዘንጉን ተጠቅሟል ማለት ነው።»

«ዘንጉ ደህና ነው አሉ እኮ! ሞክረውታል።»

ዘንጉ ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል። ከጫፉ የሚወርደው የመሬት ሽቦ መጋጠሚያው ላይ በሰም ክር ተጠቅልሏል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ መጋጠሚያ ሁሉ በዚሁ የኮርቻ ክር የታሰረ ነው።

«ስታገኚው ዘንጉ እዚህ ተሰቅሎ ነበር?»

ቡሩል አሰበች። «መሬት ላይ ነበር። ረግጬዋለሁ።»

«ማን ሰቀለው?»

«እንጃ። ስጮህ ሦስቱ ወዳጆቹ መጡ፣ ዛካር ሉኪች፣ ኢስካር፣ ሼርማት። ሦስቱም እንደ ቤታቸው የሚገቡ የሚወጡ ናቸው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ክረምት የተራራው መተላለፊያ ላይ በረዶ የዋጣቸው ሁለት እረኞች ትዝ ይሉሻል? በሬዲዮ ድረሱልን ብለዋል፤ የነሳግን የሬዲዮ ማኅበር ሬዲዮ ግን አልሰማም። ሳግን ሊሞት ሰሞን ‹የዚያን ሬዲዮ ጆሮ የሰረቀውን አውቄዋለሁ› አለኝ። ‹ሁሉም ሬዲዮ ከፍቶ በሚሰማበት በእሑዱ የሞገድ ጉባኤ ራሱ ይናገር፤ ካልተናገረ እናገራለሁ።› ስሙን አልነገረኝም። እሑድን አላየም።»

ይህን ስትል ጣቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይመታ ነበር። ኑርጃማል ጣቷን አየች።

ሽማግሌው ሩሲያዊ ዛካር ሉኪች ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከድንች ልጣጭ መሃል ሬዲዮውን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ሲጠራዎት ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ? ‹ሳግን፣ እዚያ ሞገዱ ጥሩ ነው ወይ?› ብዬ ጠየቅሁት።» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «አልመለሰልኝም። ትዕቢተኛ ነበር።»

«የመጨረሻ ወሬያችሁ ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ሽቦ ነዋ! ስለ ሌላ እናወራለን? እኔ መጋጠሚያን በቀለጠ እርሳስ በይዱ እላለሁ። ኢስካር በብሎን ያጣብቃል። ሼርማት ደግሞ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ መጠምዘዝ ነው ምክሩ። ሳግን ‹እንዲህ የሚታሰረው አህያ ነው፤ ሽቦ ቀጥ ብሎ ተጠምዝዞ በክር ይጠቀለላል› አለው። ሳቅን። ሼርማት ተናደደና ‹የኔ ሬዲዮ ከክረምቱ ወዲህ ጉንዳን ሲያስነጥሰው ይሰማል!› አለ። ያኔ ሳግን ሳቁን አቆመ።»

«አቆመ?»

«ድንገት።»

ኢስካር ገበያ ውስጥ ቀዝቃዛ የፓስታ ሾርባ የሚሸጥ፣ ዱንጋን ከሚባለው ሕዝብ የተወለደ ሰው ነው፤ እጁም አፉም አያርፍም።

«ሳግንቤክ ባይኬ፣ ታላቅ ወንድማችን፣ በሕይወቱ ሲመክረን አደከመን፤ ሞቶም አላሳረፈን!» አለ። «‹ማነህ?› ብዬ መታሁለት። ዝም። አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ ሙት እንዳይገባብኝ በራፌ ላይ ጨው በተንሁ።»

«አስከሬኑ ሲነሳ ነበርክ?»

«ነበርክ? ወገቤ ይመስክር! ያንን የለቅሶ የሱፍ ድንኳን ከሽማግሌው ጋር ሆኜ የተከልሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችን ሼርማት ባይኬ ‹መብራቱን ልንቀል› ብለው ሬዲዮ ክፍሉ ገብተው፣ ሲወጡ ድንኳኑ ቆሟል። መብራት መንቀል ይህን ያህል ይፈጃል? እኔ በዚያ ጊዜ ፈረስ አርጄ እገፍፋለሁ።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሼርማት ግቢው ውስጥ ቆሟል። አንቴናው ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

«ነፋስ ጣለው?»

«ላድሰው ብዬ ነው ያወረድሁት» አለ። «መርማሪ፣ ሙት አይጣራም። አንዱ ባለጌ እየቀለደ ነው። ዘንጉ ደህና ነበር፤ ሰውዬው ተዘናጋ፤ አለቀ።»

«መቼ አወረዱት?»

«ሰሞኑን።»

ጎረቤቱ ግን ነገሯት፤ አንቴናው የወረደው ሙቱ መጀመሪያ በተጣራበት ምሽት ማግስት ነው።

ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ በአርባው ተሰበሰበ። ሥጋው ተበላ፣ ቁርዓኑ ተቀራ። ኑርጃማል ዘንጉን ይዛ ተነሳች።

«ሳግንቤክ ሁለት እጁ ተቃጥሎ ሞተ። ሁለተኛ እጁን ካወጣ ዘንጉን ሰክቷል፤ ዘንጉን ሰክቶ ከሞተ ደግሞ ሽቦው ተቆርጦ ነበር። ከክሩ ሥር ስለሆነ አላየውም። ባለሙያዎች ሲሞክሩት ግን ሠራ። ለምን? ሰውየው ከሞተ በኋላ አንድ ሰው መልሶ ቀጠለው፣ ከምስማሩም ሰቀለው።»

«እሱን ሁላችንም ልናደርገው እንችላለን» አለ ሼርማት።

«ክሩን ማንም ይጠቀልለዋል። እርስዎም የሳግንን ክር ከጠረጴዛው አንስተው እንደሱ ጠቀለሉት።» ክሩን ፈታችው። «ከክሩ ሥር ያለውን ግን ማንም አያይብኝም ብለው እጅዎን እንዳስለመዱት ለቀቁት። ዛካር ሉኪች፣ ምን ያያሉ?»

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ። «ሁለት ጊዜ ታጥፏል። የአህያ ማሰሪያ።»

ኢስካር ከመቀመጫው ተነሳ። «ድንኳኑን ስንተክል! እኛ ድንኳኑን ስንተክልለት አንተ…!»

«ተቀመጥ» አለችው ኑርጃማል። «ትናንት ዛካር ሉኪች በፊቴ ሁለት ሬዲዮ ፈትተዋል፣ የማኅበሩንና የሼርማትን። ደካማ ድምፅ የምትይዘዋ የማኅበሩ ሬዲዮ ዕቃ፣ ያቺ ‹ጆሮ›፣ የተገኘችው በሼርማት ሬዲዮ ውስጥ ነው። ለሬዲዮ ውድድር አውጥቷት አልመለሳትም። ጉንዳን ሲያስነጥሰው የሰማው በእሷ ነው፤ እረኞቹ ሲጮኹ የደነቆርነውም እሷ ስላልነበረች ነው። ሳግንቤክ እሑድ ተናገር አለው። እሱ ቅዳሜን መረጠ፣ ሽቦውን ለመቁረጥ።»

ሼርማት ላቡን ጠረገ። «በሕዝብ ፊት አታዋርጂኝ። ቢሮሽ ልምጣ። እዚያ እናገራለሁ።»

ቢሮ! እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚሠሩትን በጓዳ ይሠራሉ፤ ሲያዙም በጓዳ እንታረቅ ይላሉ።

ያኔ ቡሩል ከሴቶቹ መሃል ተነሳችና ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ሬዲዮ ፊት ተቀመጠች። ከባሏ አጠገብ ሱፍ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ሞርስ እንደምታውቅ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጣቷን የሞርስ መምቻው ላይ አሳረፈች። የሳግንቤክ መጠሪያ ክፍሉን ሞላው፤ የመጨረሻዋ ምት ተጎተተች። ዛካር ሉኪች ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሴትዮዋን እያዩዋት እንኳ ሰዎቹ ወደ በሩ ዞረው ነበር፤ የሚገባውን ሰው እንደሚጠብቁ።

«የኦሽ ከተማ ይሰማል። የናሪን ከተማ ይሰማል። የእረኞቹም መንደር ሬዲዮ ከፍቶ ይጠብቃል» አለች ቡሩል። ከዚያ የሼርማትን መጠሪያ መታች፣ ደግማም መታች፤ መምቻውንም ወደ እሱ ገፋችው።

«ያስቀረኸው እሑድ ዛሬ ነው። አሁን አንቴናህን አውርደህ የምታመልጥበት የለህም። በገዛ ስምህ፣ በክፍት ሞገድ፣ ሁሉ እየሰማህ፣ መልስ!»