ሠላሳ ስምንተኛው መስመር

ሰውዬው የሞቱት ልጃቸው ግንባራቸውን በፎጣ እየጠረገችላቸው ሳለ ነው።

አልጋ ቁጥር ስድስት። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቤት ሊገቡ ነበር። በአሥር ሰዓት ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ማለቅ የነበረበት መድኃኒት በሰዓት ከሩብ ሙልጭ ብሎ አልቋል። መድኃኒቱን የምትቆጣጠረው ትንሽ ማሽን ግን አረንጓዴ መብራቷን አብርታ ሁሉ ሰላም ነው ትላለች።

«ውሸታም!» አለቻት ልጃቸው፣ ማሽኗን። ሰው እንደምትሳደብ ነው የተሳደበችው።

ማሽኗ ከፋብሪካ ከወጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው።

ኢንስፔክተሯ ፋብሪካው ስትደርስ ጥፋተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እንዲህ ያለ ቀን በሥራዋ ብዙ አይገጥማትም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አላት። «አምኜ ጽፌአለሁ፣ ይኸው ወረቀቱ።»

«መጀመሪያ ቁጭ በል።»

ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ባልደረቦቹ «መጥረጊያው» ይሉታል፤ ሥራው አሮጌ የኮምፒውተር ኮድ መጥረግ ነዋ። ሁለት ቀን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው መክፈቻና መዝጊያውን ነው» አለችው። «ለእናትህ እንደምታስረዳ አስረዳኝ።»

«ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ ኮምፒውተር አለ፤ ገጣጣሚው እንለዋለን። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈትሻል። ይሄ መሣሪያ ስንተኛው ቨርዥን ነው? ቦርዱ፣ ሞተሩን የሚያዘው ሰሌዳ፣ አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ? መልሱ ካልጣመው እምቢ ብሎ ይቆማል። በዓመታት ውስጥ ፍተሻው በፍተሻ ላይ ተከመረ። ዛሬ በምድር ላይ ስለሌለ ነገር የሚጠይቅ ሁሉ አለ። ጥረግ ተባልኩ፣ ጠረግኩ። አርባ አንድ ናቸው።»

«አርባ አንዱም የማይረቡ ነበሩ?»

«ከሠላሳ ስምንተኛው በቀር። ለአሮጌው ቦርድ ሶፍትዌር አዘጋጅ ሲባል እምቢ የሚለው እሱ ነበር። አሮጌው ቦርድ ሞተሩን ስምንት እጥፍ ያፈጥነዋል። የሟቹን ማሽን ስንፈታው ውስጡ አሮጌ ቦርድ አገኘን። ማን እንደከተተው አላውቅም። እኔ ፍተሻውን ባላጠፋው ግን ያ ማሽን ከዚህ ቤት አይወጣም ነበር።»

«ለምን አጠፋኸው?»

«የሚጠረጉት ዝርዝር ላይ ነበራ። ‹ጊዜው ያለፈበት፣ ይጥፋ› ይላል። ከጎኑ ፈረምኩ።»

«ዝርዝሩ ላይ የጻፈውስ?»

«ስም አንጽፍም። ሁላችንም የምንሞላው ሰንጠረዥ ነው። እዚህ ቤት እንደ ቤተሰብ ነን፤ ማን ጻፈው መባባል ነውር ነው።»

ኢንስፔክተሯ ቤተሰብ የሚለውን ቃል በሥራ ቦታ ስትሰማ ጆሮዋ ይቆማል።

አሮጌ ቦርድ የሚቀመጠው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊና መጥረጊያው ደግሞ ተኮራርፈው ከከረሙ ወር ሆኗቸዋል። ሁሉም ሰው በአገጩ ወደ እሱ ጠቆመ።

«እኔ?» ኃላፊው ሸሚዙን ገልቦ ሆዱ ላይ ያለውን ትኩስ ስፌት አሳያት። «ማሽኑ ሲገጣጠም ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ እህቴ። ልጁን ደግሞ ብኮርፈው እንጂ አልጠላውም። የወሰደብኝን መሰላል ይመልስልኝ፣ በቃ።»

ሳቋን ዋጠችው። ቁልፉን ለማን ትቶ እንደሄደ ጠየቀችው። ለዋና መሐንዲሱ፣ አላት።

ዋና መሐንዲሱን ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ፀጉራቸው ነጭ፣ ጠረጴዛቸው ጥርት ያለ። ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ልጁ የዋህ ነው» አሉ። «ቀለል አድርጉለት። ሰው ይሳሳታል።»

«ያ ፍተሻ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ያስቆመው መቼ ነው?»

«ኧረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው! የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማን አስታውሶት።»

አመስግና ወደ መጥረጊያው ተመለሰች።

«ገጣጣሚው እምቢ ሲል የት ይጽፈዋል?»

«መዝገብ አለው። ግን ማንም አያነበውም። ከቆመ አስተካክለን እንቀጥላለን እንጂ…»

«እስቲ እናንብበው።»

መዝገቡን ከፍቶ ፈለገ። ከሁለት ቀን በፊት ሊያየው ይችል ነበር፤ ግን ጥፋቱ የኔ ነው ያለ ሰው ሌላ አይፈልግም። ድንገት እጁ ቆመ።

«ይሄ አይሆንም» አለ። «በዚያው ፍተሻ ሦስት ጊዜ እምቢ ብሏል። ሠላሳ ስምንተኛው መስመር ዝርዝሩ ላይ ከመግባቱ አንድ ቀን በፊት፣ ጠዋት።»

«ጡረታ የወጣ ዘበኛ ሦስት ጊዜ ‹ቁም!› ይላል እንዴ? የማን ኮምፒውተር ነው?»

ልጁ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጋሼ ከመዝገቡ የታተመውን ወረቀት መነጽራቸውን ሳያደርጉ አነበቡት።

«አዲሱ ቦርድ ዘገየብኝ» አሉ። «ሃያ ማሽን በቀኑ አስረክባለሁ ብዬ በሰው ፊት ተናግሬ ነበር። በሠላሳ ዓመት ሥራ አንድ ቀጠሮ አላሳለፍኩም። አሮጌውን ቦርድ እከታለሁ፣ የፍጥነቱን ልዩነት በየማሽኑ በእጄ አስተካክላለሁ አልኩ። አሥራ ዘጠኙን አስተካከልኩ። ሃያኛው ላይ ስልክ ተደወለ፤ ስመለስ የጨረስኩት መሰለኝ።»

«ፍተሻውን ራስዎ ለምን አላጠፉትም?»

«ብቻውን ባጠፋው ለምን ይሉኛል። ከአርባው ጋር ሲሄድ ማንም አያየውም።»

«ልጁ ገደልኩ ብሎ ሲጽፍ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አጠገቡ» አሉ። «እስክሪብቶ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«ይነሡ» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ።

አሥራ ዘጠኙ ማሽኖች በዚያው ቀን ከየሆስፒታሉ ተሰበሰቡ። መጥረጊያውን ጣቢያ ጠርታ የጻፈውን ወረቀት መለሰችለት።

«እኔስ?» አላት።

«ሳታይ ፈርመሃል። ለዚህ የምከስህበት ሕግ የለኝም። ወደ ቤትህ ሂድ፣ ተኛ።»

ኮሪደሩ ላይ የሟች ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሲያያት ቆመ።

«ነጻ ወጥተሃል አሉኝ» አለችው።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?»

ይቅር አላለችውም፣ አልሰደበችውም። ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

«አባቴ ምን እንደገደለው እስካሁን የነገረኝ የለም» አለችው። «ሁሉም ‹የቴክኒክ ችግር ነው› ይለኛል። ቁጭ በልና አስረዳኝ።»

ተቀመጠ። ስለ ጋሼ፣ ስለ ቦርዱ፣ ስለ ገጣጣሚው ብዙ የሚነገር ነበረው። እሱ ግን ከራሱ ፊርማ ጀመረላት።