ከሰዓቱ ውስጥ የፋቅሁት ስም

አትመኑኝ ብትፈልጉ፤ እኔ ግን ያየሁትን ነው የምናገረው። በእኔ በኦዲል ላይ፣ ፓሪስ፣ በገዛ ሱቄ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ የደረሰ ነው።

ማክሰኞ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሥራዬ የድሮ ሰዓት ማደስ ነው። የዚያን ዕለት የመጣልኝ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ፣ ጎንና ጎኑ እንደ ውኃ የጠራ የድንጋይ ክሪስታል የሆነ የጠረጴዛ ሰዓት ነበር።

የኋላውን ነሐስ ስፈታ የወንድሜን ስም አየሁ።

እኛ ጋ ልማድ አለ። ሰዓት ያደሰ ሰው ስሙንና ቀኑን ከውስጥ ይጭራል። ቀጣዩ ከሥር የራሱን ይጨምራል እንጂ የፊተኛውን አይነካም። በጭራሽ!

ወንድሜ ደግሞ... አባታችን በተቀበረ ማግስት፣ ደንበኞች ፊት፣ "እሷ እኮ ነሐስ ወልዋይ ናት፣ ስለ ሰዓት ምን ታውቃለች?" ብሎ የሳቀብኝ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ተኳርፈናል። እዚህም ቀድሞኝ ገብቷል! ደሜ ፈላ።

ፋቅሁት።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ወዲያው ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ቀጭ... ቀጭ...

የሚያንቀሳቅሰውን ሞላ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ እኮ!

ከጎን ካለው ሱቅ ሙሴ ባስቲያንን ጠራኋቸው። ወርቅ ለባጭ ናቸው፤ ሁለታችንንም ሥራ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

"ምነው ገረጣሽ?"

"የወንድሜን ስም ፋቅሁት።"

"የማንን?"

"የወንድሜን!"

"አንቺ ልጅ... ወንድም የለሽም እኮ።"

"ሙሴ፣ በናትዎ አይቀልዱብኝ!"

"ምን ያስቀልደኛል? አባትሽ ካንቺ ሌላ አልወለደም።"

ለወንድሜ ሚስት ለሶሌን ደወልኩ።

"ሶሌን፣ ኦዲል ነኝ። ባልሽን አቅርቢልኝ።"



"ተሳስተዋል፣ ማዳም። እኔ አላገባሁም።"

ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል።

"ታዲያ ሕፃኑስ?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔም ግራ ገብቶኛል... ቤቴ ውስጥ አገኘሁት። የማን እንደሆነ አላውቅም።"

ስልኩን ወርውሬ መጫሪያዬን አነሳሁ። መልሼ ልጽፈው! ነሐሱ ላይ ደገንኩ...

ስሙ አልመጣልኝም።

አብሬው ያደግሁት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስረግመው የኖርኩት ወንድሜ ስሙ ጠፋብኝ።

በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው ገባ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። አፍንጫው የአባቴ ነው።

"ይቅርታ ማዳም... እግሬ ነው ወደዚህ ያመጣኝ። ያውቁኛል?"

"አውቅሃለሁ! ወንድሜ ነህ! ና ቁጭ በል!"

"እሺ... ስሜ ማን ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እንባዬ ብቻ ወረደ።

"ኦዲል፣" አሉ ሙሴ ባስቲያን በሹክሹክታ፣ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ወደሳቸው ዞር አልኩ። መልሼ ሳይ በሩ ላይ ማንም የለም።

ሰዓቱ ቀጥ ብሏል።

የሰዓቱ ክሪስታል ላይ... ከውስጥ በኩል... የሰው አምስት ጣት ታትሟል። እያየሁት ቀስ እያለ ወደ ታች ተንሸራተተ።