ስልኳን ውሰጂባት

ሊዑል የተገኘው በአዳራሹ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከበላዩ ባለው ግድግዳ ላይ ራሱ የለጠፈው ወረቀት «ኮድ አታውቁም? እንኳን ደህና መጣችሁ!» ይላል።

ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው የኢትዮጵያውያን እድር አዳራሽ ያዘጋጀው የቅዳሜ ሃካቶን፣ አፕ በአንድ ቀን የሚሠራበት ዝግጅት፣ ለጀማሪዎች ነበር። ነርሱም ሾፌሩም ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ የልቡን ለኤአይ ይነግረዋል፤ ኤአዩ ኮዱን ይጽፍለታል፤ እስከ ማታ የብሎክቼይን አፕ ይወጣዋል። ብሎክቼይን አንዴ ከተጻፈ የማይፋቅ የጋራ መዝገብ ነው ብሎ ነበር ሊዑል ጠዋት ሲያስረዳ። ከምሳ በኋላ ግን ላፕቶፖቹ ተከፍተው ቀሩ።

መርማሪ ሠርካዲስ ከአውሮራ ከተማ ፖሊስ የተላከችው አማርኛ ስለምታውቅ ነው። አለቃዋ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። ሬሳውን ያገኘችው ትንሳኤ የምትባል ወጣት እጇን ደም ነክቶታል፤ ጠዋት ደግሞ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ያልሰማ የለም።

«እስኪመሽ ሌላ ነገር ካላመጣሽ ልጅቷን እወስዳታለሁ» አላት።

ሠርካዲስ ለሰው ፊት ቶሎ የማታምን፣ ለሬሳ ግን ጊዜ የምትሰጥ ሴት ናት። ተንበርክካ አየች። ሲወርድ የተደናቀፈ ሰው በፊቱ ይደፋል፤ ይህ በማጅራቱ ነው የወደቀው። ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ሰው እያናገረ ነበር ማለት ነው። ከራሱ ሥር የታጠፈ የሴት ሹራብ አለ፤ ደም እምብዛም አልነካውም።

ትንሳኤን ኩሽና ውስጥ አገኘቻት።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«አፔን ከዴሞው፣ ማታ ለሰው ከሚታዩት፣ አስወጣብኝ። የበሽተኛ መድኃኒት የማይፋቅ ነገር ላይ አይጻፍም አለኝ። ተናደድኩ። ልክ ነበር እኮ!» አለችና አለቀሰች።

«ሹራቡስ?»

«የኔ ነው። ራሱ ሲሚንቶው ላይ ሆኖ አሳዘነኝ። ነርስ ነኝ፤ እንደሞተ አውቄያለሁ፣ ደሙም ረግቷል። ግን ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም።»

«የሚያግዛችሁ ማን ነበር?»

«ፍፁም። የሊዑል እህት የኮከብ እጮኛ ነው፤ ዳውንታውን ሶፍትዌር ኢንጂነር ነው። ግን ኤረር በመጣ ቁጥር ‹ኤአዩን ጠይቂው› ነው የሚለኝ። ኤአዩ ደግሞ መልሶ ጠየቀን፤ መሞከሪያው ኔትወርክ ላይ ነው የምትሠሩት ወይስ እውነተኛው ላይ? ይህን እኔ እንኳ ጠዋት ተምሬዋለሁ። ፍፁም ግን መመለስ አቅቶት ላፕቶፔን ክሎዝ አደረገው። ሊዑል አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው።»

የእድሩ ዳኛ አቶ አባይነህ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እርስዎም ከሊዑል ጋር ተቀያይመው ነበር ይባላል።»

«የእድርን መዝገብ ለማሽን አንሰጥም ብዬዋለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን ልጄ፣ በዚህ ጉልበት ያን ደረጃ ከወረድኩ ማን ያወጣኛል?»

«ምሳ ሲባረክ ማን ጎደለ?»

«ሊዑል። ፍፁምም ምግቡን ከመኪና አወርዳለሁ ብሎ ወጥቶ ዘገየ። ለሌላውስ ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀር እኔው ነኝ የባረክሁት፤ ትንሳኤ እንኳ ከጎኔ ነበረች።»

ሠርካዲስ ለሟቹ እህት ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቶርንተን ከተማ ኮከብ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ስትደውል የምሥራች የምትባል የሥራ ባልደረባዋ አነሳች።

«ስልኳን ወስጄባታለሁ» አለች የምሥራች በሹክሹክታ። «የአባቷን ሞት መኪና እየነዳች ከፌስቡክ አይታ ተጋጭታ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሲደወልልኝ ለአረጋውያኑ ምሳ እንኳ አላቀረብንም ነበር፤ እስካሁን በሰበብ ይዣታለሁ።»

«ምሳ መቼ ታቀርባላችሁ?»

«ልክ በእኩለ ቀን ነው።»

ሠርካዲስ ማን እንደደወለ ጠየቀች፤ መልሱን ሰምታ ስልኩን ዘጋች።

ፍፁም ሸሚዙን በወግ የተኮሰ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«ትንሳኤ ስትጮህ ነው ሮጬ የወረድኩት» አለ። «ከዚያ በፊት አላየሁትም።»

«ለኮከብ ተነገራት?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ! ሽማግሌ ይሄድላታል። እኔ ስልኳን ይውሰዱባት ብዬ ብቻ ነው የደወልኩት፤ ከጩኸቱ በኋላ።»

ሠርካዲስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። አለቃዋም በሩ ላይ ቆመ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አሉ አቶ አባይነህ። «በይ ልጄ፣ ንገሪን።»

«ሊዑል ተገፍትሯል። ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ከበላዩ ያለውን ሰው እያየ። አቶ አባይነህ ያን ደረጃ አይሞክሩትም። ትንሳኤ ምሳ ሲባረክ እዚህ ነበረች፤ ከምሳ በኋላ ስትወርድ ደሙ ረግቶ ጠብቋታል። ስለዚህ ሹራቧን አላበሰበሰውም፤ እጇን ግን ነክቶታል። የገደለ ሰው ደግሞ ትራስ አያደርግም።»

ትንሳኤ ፊቷን ሸፈነች። ሠርካዲስ ቀጠለች።

«ከእናንተ አንዱ ግን ለኮከብ ቀድሞ አዘነላት። ስልኳን ውሰዱባት፣ መኪናም እንዳትነዳ ብሎ ደወለ። ደግ ሥራ ነው፤ ማናችንም እናደርገዋለን። ችግሩ፣ ሲደውል ገና ቀትር አልሆነም። እዚህ ደግሞ ትንሳኤ የጮኸችው ምሳ ተበልቶ ሳህን ከተነሳ በኋላ ነው። ያን ሰዓት የሊዑልን ሞት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፍፁም፣ ገዳይ ሁሉ ስለ ራሱ ያስባል፤ አንተ ስለ እሷ አሰብክ። የያዝኩህ በዚያ ነው።»

ፍፁም ወደ በሩ አየ፤ የሠርካዲስ አለቃ ቆሞበታል።

«ኢንጂነር አይደለህም» አለች ሠርካዲስ። «ሊዑልም ዛሬ አወቀ።»

«ፓርኪንግ ነው የምሠራው» አለ ፍፁም። «ከተዋወቅን ጀምሮ ዋሽቻታለሁ። ዛሬውኑ ንገራት፣ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አለኝ። ትቶኝ እንዳይሄድ ልይዘው ነበር... አይ፣ ገፋሁት። በንዴት ገፋሁት። ከዚያ መጀመሪያ የመጣብኝ መኪና እየነዳች ታያለች የሚለው ነው።»

በሩ ተከፈተ። ኮከብ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማለች፤ የምሥራች ከኋላዋ ታለቅሳለች።

«ስልኬን ስትወስድብኝ ሞት እንዳለ ገባኝ» አለች ኮከብ። «ብታስቆመኝም አልቆምኩ። ወንድሜ ነው፣ አይደል?» ወደ ፍፁም ዞረች። «በሩ ላይ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። ፓርኪንግ እንደምትሠራ ካወቅሁ ቆየሁ። ዳውንታውን መኪናዬን ፓርክ ላደርግ ስገባ በገንዘብ መቀበያዋ ክፍል መስታወት አየሁህ። እንዳታፍር ብዬ ሳታየኝ ወጣሁ። ራስህ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁህ ነበር እኮ!»

ፍፁም እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። አንጀት ይበላ ነበር፤ ሆኖም ወደ እሱ የሄደ ሰው የለም። ሠርካዲስ እጁን አሰረችው።

ኮከብ ድንገት ተደናገጠች። «እማዬ! አዲስ አበባ ሊነጋ ነው፤ እንደተነሳች ፌስቡክ ትከፍታለች። ስልኳን ማን ይውሰድባት?»

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ቀድማ ገብታ ስልኳን የምትወስድባትን የጎረቤቷን ቁጥር የሚያውቅ አልነበረም።

«እኔ አውቀዋለሁ፤ ለእናትሽ ገንዘብ የምልከው በእሷ ነው» አለ ፍፁም።

ኮከብ ፊቷን ሳታዞርለት ለየምሥራች እጇን ዘረጋችና ስልኳን ተቀበለች። እሱ ቁጥሩን በቃሉ፣ ቀስ እያለ ጠራላት፤ እሷም እየተከተለች ደወለች።