የሦስተኛው ክፍል የመግቢያ ወረቀት

ሽማግሌው ማርቪን ኩልታርድ በሦስተኛው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ በፖም ሳጥኖች መካከል ተደፍተው ተገኙ። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ፖሙ እንዳይበላሽ ኦክስጅኑ የተመጠጠ ክፍል ነው፤ የገባ ሰው ሁለቴ ሳይተነፍስ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስለዚህ አየር የገባበት ክፍል በር ላይ ሰዓቱ የታተመበት የመግቢያ ወረቀት ይንጠለጠላል፤ ያለዚያ ወረቀት ማንም አይገባም። በዚያ በር ላይ ወረቀቱ ነበር። «አየር ገብቷል» ይላል። ዓይን ያወጣ ውሸት!

ሰዓቱ ስድስት ከአሥር ነው። በዚያን ሰዓት ሰው ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ባለው ክለብ ምሳ ላይ ነበር። በመጋዘኑ የቀረችው ፖም አሻጊዋ ብሪዮኒ ብቻ ናት። በማግስቱ ፖሊሶቹ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ሆባርት ከተማ ሊወስዷት ቆረጡ። ትንሿ ልጇ ከትምህርት ቤት የምትወጣውም በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የሚቀበላት ሌላ ሰው የለም። ይህ ማንንም አላሳሰበም፤ ይህን የምተርክላችሁን እኔን ግን እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ኢንስፔክተር ኡና ብሮክዌል ረፋዱ ላይ ከካፖርቷ ዝናቡን እያራገፈች ገባች። መቀመጥ የማትወድ ሴት ናት።

«ወረቀቱን አንቺ ነሽ ያተምሽው?»

«በልጄ እምላለሁ፣ አይደለሁም!» አለች ብሪዮኒ፤ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት አይነቀልም። «እንዲያውም ስድስት ከአሥር ላይ ማሽኑን አስተኝቼው ነበር።»

«ማስተኛት ደግሞ ምንድን ነው?»

የመጋዘኑ አለቃ አቶ ሬክስ መለሱ። «ማተሚያው አሮጌ ነው፣ ኢንስፔክተር። ፕሮግራማችንም አሮጌ። ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ የድሮ ኮምፒውተር እናስነሳለን፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። የመግቢያ ወረቀት የሚወጣው ከእሱ ብቻ ነው። ግን እሱ ማተሚያውን ከያዘ ውጨኛው፣ አዲሱ ኮምፒውተር፣ ማተም አይችልም። ምሳ ላይ እናስተኛውና ውጨኛው የመኪና ጭነት ዝርዝር ያትማል።»

«ማን አስማማቸው?»

«እኔ ነኛ!» አለ የሟቹ የወንድም ልጅ አንገስ። «ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሦስት ቀን ታግዬ። ከዚያ ወዲያ ነክቼው አላውቅም። ደግሞ ስድስት ከአሥር ላይ ምሳዬን እየበላሁ ነበር፤ ክለቡ በሙሉ ምስክሬ ነው።»

«አልጠየቅኩህም እኮ» አለች ኡና።

አንገስ የአጎቱን የፖም እርሻ ለቤት ሠሪዎች ለመሸጥ ቋምጦ እንደነበር፣ ሽማግሌውም «እኔ እያለሁ አንድ ዛፍ አይቆረጥም» እንዳሉት ከአቶ ሬክስ ሰማች። ተመልሳ ማተሚያውን ዞረችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከጀርባው ሳይቆራረጥ የሚታጠፈውን የካርቦን ግልባጭ ከሳጥኑ አወጣችና ቆማ አነበበችው። ከዚያ የውስጠኛውን ማሽን አስተኛችው።

ስምንት ተኩል ሲሆን ሁሉንም ሰበሰበች።

«አርባ ደቂቃ ተኝቷል። አንገስ፣ የሠራኸው አንተ ነህና ቀስቅሰህ አንድ የመግቢያ ወረቀት አትምልኝ።»

አንገስ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ማሽኑን ቀሰቀሰ፣ ማተሚያውን ለውስጠኛው አስረከበ፣ ማተም ሊያዝ ጣቱን አነሳ።

«ሰዓቱን!» ብለው ጮኹ አቶ ሬክስ። በካቴና የታሰሩት የብሪዮኒ እጆችም ሳታውቀው ተዘርግተዋል።

ማተሚያው አንቋረረ። ወረቀቱ ሰባት ከሃምሳ ይላል።

«ምን ነካዎት፣ አቶ ሬክስ?» ስትል ጠየቀች ኡና።

«ሲነቃ ሰዓቱ ከተኛበት ነው የሚቀጥለው! ሳናስተካክል አትመን አናውቅም። እዚህ የሚሠራ ሰው ይሄን ያጣዋል?»

«እዚህ የሚሠራ አያጣውም። ሠርቶ የሄደ ግን አያውቀውም» አለች ኡና። ግልባጩን ዘረጋችው። «ወረቀቱ ተያያዥ ነው፤ ተራውን ማንም አያዛባውም። ይኸው፣ ብሪዮኒ ስድስት ከአርባ ላይ ከውጨኛው ኮምፒውተር ያተመችው የጭነት ዝርዝር። ቀጥሎስ? ስድስት ከአሥር የሚል የመግቢያ ወረቀት! ስድስት ከአሥር ከስድስት ከአርባ በኋላ ይመጣል እንዴ? የተኛ ሰዓት ካልሆነ በቀር አይመጣም። እንግዲህ ወረቀቱ የታተመው ከስድስት ከአርባ በኋላ ነው። ያኔ ብሪዮኒ ደጅ ከሹፌሩ ጋር ሳጥን ስትጭን ነበረች፤ ሹፌሩን ጠይቄዋለሁ። አቶ ሬክስ እስከ ሰባት ከክለቡ ወንበር አልተነሱም። ስድስት ከአርባ ላይ ‹ሲጋራ ላጭስ› ብሎ የወጣው አንድ ሰው ነው። አጎትህ ወረቀቱን አምነው ገቡ፣ አንገስ። በወረቀቱ ላይ በታተመው ሰዓት ብሪዮኒን ልትወነጅል አስበህ አልነበረም፤ ስህተትህ ሲጠቅምህ ግን ዝም ብለህ አየሃት።»

«ያ ግትር ሽማግሌ…» አለ አንገስ፤ የቀረውን ዋጠው። ፖሊሱ የብሪዮኒን ካቴና ፈትቶ ወደ እሱ ዞረ።

ኡና የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው?»

«በሩጫ አሥር ደቂቃ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ብሪዮኒ ተነሳች። በማሽኑ በኩል ስታልፍ ግን እጇ በልማድ ወደ ቁልፎቹ ሄደ።

«ሂጂ ወዲያ!» አሉ አቶ ሬክስ፤ እንባቸው መጥቷል። «ሰዓቱን እኔ አስተካክለዋለሁ!»

በዝናቡ ውስጥ ሮጠች።